«ለጓደኛዬ ልጅ ነው» ብዬ የገባሁበት ግሩፕ

የልጄ ሕመም ወደ ቤታችን የገባው በጽዳት በኩል ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሱብሒ ሰላት ስመለስ ሐያት የሳሎኑን ምንጣፍ አጥባ አጥር ላይ አስጥታዋለች። መጋረጃውንም አጥባለች። የእኔን የክት ጃኬትም አጥባለች፤ ኪሱ ውስጥ ከነበረው መታወቂያዬ ጋር። እናቷ ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭና ታያለች። ደንግጣ አይደለም፣ ደስ ብሏት ነው። እስከ ትናንት የበላሽበትን ሳህን አንሺ ስትባል «ፈተና አለብኝ» የምትል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት።

«አላህ ልቦና ሰጣት» አለች ዘሃራ። እኔም አሚን አልኩ።

በሦስተኛው ቀን የእኛ ቤት አልቆ የጎረቤት ምንጣፍ ማጠብ ጀመረች። ዘሃራ በሰፈሩ እየዞረች «ልጅ እንደዚህ ነው እንጂ» ስትል ሰነበተች። ስለዚህ ልጃችሁ ላይ ምልክቱን ሳታዩ ቀርታችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱ ወላጆች ካላችሁ፣ ከእኛ ጋር ተጽናኑ። እኛ አይተነዋል። አይተን መረቅነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ስሟ ልንገራችሁ። ሐያት እውነተኛ ስሟ አይደለም። ይህን ስጽፍ ስም ምረጪ ብያት አንድ ቀን ሙሉ አሰበችበትና ይኼን ሰጠችኝ። የእኔ ስም ግን የእኔው ነው። ከድር እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት «አጣዬ! ከሚሴ! ኮምቦልቻ! ደሴ!» ስል ኖሬያለሁ። ድምፄ ከሥራው ጋር አድጓል። ቤቴ ውስጥ ጨው አቀብሉኝ ስል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል።

በሳምንቱ ሐያት ከጽዳት ወደ ኢንዱስትሪ ተሸጋገረች። በዙሪያችን ያለውን የቀወት ወረዳ ማንጎ ሁሉ ሰብስባ የጭማቂ ፋብሪካ ልታቋቁም ሆነ። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችው ራሷ ናት፤ «ሐሳቡ እኮ መጥፎ አልነበረም» ትላለች። በደብተሯ የአርባ ጎረቤት ስም መዝግባ ለሁሉም ሥራ ሰጠች። ከጎናችን ያሉት እትዬ ሙሉ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሴትዮዋ ሹመቱን ከልብ ተቀብለውት ኖሮ እስከ ዛሬ በር ላይ ስንገናኝ «ከድር፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ይሉኛል።

ከዚያ በኋላ ሳቁ አለቀ።

መተኛት ተወች። መብላት ተወች። ንግግሯ ፈጠነ፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። ስንከለክላት ትቆጣለች። እናቷን ገፈተረቻት። ሐያት እናቷን ገፍትራ አታውቅም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤት ወጣች። ተከተልኳት። አስፋልቱ መሐል ቆመች። እጆቿን ዘረጋች። ከደሴ በኩል ሲኖትራክ ይመጣል። ጠራኋት። አውቶቡስ የሚያቆም ድምፅ ነው። አልሰማችኝም። መኪናው ጮኸ። ቆመ። በእሷና በመኪናው መካከል አንድ ክንድ ቀርቶ ነበር። ሾፌሩ ሊሰድበኝ ወረደ። ፊቷን አየና ስድቡን ተወው። እጇን ያዝኩ።

«አየህ አባ» አለችኝ። «ሁሉንም ማቆም እችላለሁ።»

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። ዶክተሩ ወጣት ነው። ገና ሳይጠይቀኝ «ወባ ናት» አልኩት።

«ትኩሳት የላትም» አለኝ።

«የእኛ አገር ወባ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል» አልኩት። የሕክምና ትምህርቴን የጨረስኩት መናኸሪያ ውስጥ ነው።

እውነቱን ለመናገር ልጁ ትዕግሥተኛ ነበር። ወባም አእምሮን ሊያውክ ስለሚችል መመርመሩ ተገቢ ነው ብሎ ደሟን አስመረመረ። የለባትም። ድጋሚ ይታይ አልኩ። ታየ፤ የለባትም። ሦስተኛ ስጠይቅ ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ወባ የለባትም። ባይፖላር ዲስኦርደር ይመስለኛል። አሁን ያለችበት ሁኔታ ማኒያ ይባላል። የአእምሮ ሕመም ነው። ይታከማል።»

አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተናገረ። እኔ አራተኛውን ብቻ ሰማሁ። አምስተኛውን ለመስማት ብዙ ወር ፈጅቶብኛል።

ወደ ደብረ ብርሃን ላኩን። እኛ የቆላ ሰዎች ነን፤ እኔ በነጠላ ጫማና በስስ ሸሚዝ ነበር የሄድኩት። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደጋው ላይ ስንወጣ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። እዚያ የተቀበለችን የአእምሮ ሕክምና ነርስ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። «ታማሚው እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ሐያት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሳቀች።

አሥራ ስምንት ቀን ተኝታ ታከመች። ኦላንዛፒን የሚባል መድኃኒት ጀመሩላት። በአራተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ዘሃራ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ልጇ ስትተነፍስ ታዳምጣለች። ስንወጣ ሐኪሟ እኔንና ዘሃራን አስቀምጦ «ጥፋታችሁ አይደለም። የእሷም ጥፋት አይደለም። እንቅልፏን ጠብቁ። እኔ ሳልናገር መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ» አለን። ዘሃራ ሁሉንም በልቧ ያዘች። እኔ ወደ ሰፈር ስመለስ ምን እንደምል አስብ ነበር።

ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ። ወባ ናት አልኩ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከወባ የተሻለ ውሸት የለም። ሁሉም ይዞት ያውቃል፣ ማንም ዝርዝር አይጠይቅም። ችግሩ ሁሉም መድኃኒቱን ማወቁ ነው። አንዷ ፌጦ አመጣች፣ አንዱ የፓፓያ ቅጠል፣ እትዬ ሙሉ ደግሞ በየቀኑ ነጭ ሽንኩርት። ሐያት አንድም አልቀመሰችም፤ እኔ ግን ሰው እንዳይከፋ በሰው ፊት እየበላሁላት አንድ ወር ሙሉ ሰው የማያስጠጋ አፍ ይዤ ኖርኩ። ወባው ሁለት ወር ሲሞላው ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። አንድ ቤት ውስጥ ይህን ያህል የቆየ ወባ ዝም አይባልም ብላ አጎበር አደለች፣ ሰፈሩን አስተባብራ ከመስጊዱ ጀርባ ያለውን ኩሬ አስደፈነች። ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ለሐያት ሲል ወጣ። እኔም አካፋ ይዤ ወጣሁ። የራሴን ውሸት ከጠዋት እስከ ቀትር ስቆፍር ዋልኩ።

ቤት ውስጥ ያለው ነገር ግን አያስቅም ነበር። ሐያት ማኒያው ሲለቃት ድካምና ኀዘን ወረሳት። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እኔና ዘሃራ በሹክሹክታ እንጣላለን፤ የእኔ ሹክሹክታ ምን እንደሚመስል ገምቱ። የምናማክረው ሰው የለም። ለሰው ሁሉ ወባ ብለን ጨርሰናል፤ ስለ ወባ ደግሞ ማንም እንደዚህ አያለቅስም።

ነርሷ ስንወጣ ስልኬ ላይ ቴሌግራም ጭናልኝ ነበር። «የወላጆች ግሩፕ አለ። ሕክምና አይደለም። ግን ብቻዎን አይሆኑም» ብላኝ ነበር። በሦስተኛው ወር መናኸሪያው ሲቀዘቅዝ ከአንድ ቆሞ ካደረ አውቶቡስ ጀርባ ሄጄ ከፈትኩት።

ግሩፑን የምታስተዳድረው ደብረ ብርሃን የምትኖር ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ እትዬ አስካለ እንላታለን። ልጇ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። ሕጓ እንደ ክፍል ሕግ ነው። የልጅ ስም አይጠራም፣ ፎቶ አይለጠፍም፣ የመድኃኒት መጠን አይታዘዝም፣ «አንድ ሰው በአንድ ሥር ዳነ» አይባልም። ጸበሉም ቁርአኑም ይቀጥል፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። ይህን የመጨረሻውን የእኛም ሼህ ቁርአን ሊቀሩላት መጥተው በዚያው ቃል ነግረውኝ ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፤ ቢገናኙ ይግባባሉ።

እኔ የመጀመሪያውን መልእክት በድምፅ ላክሁ። «ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ ከሸዋ ሮቢት ነኝ፤ የመጣሁት ለጓደኛዬ ልጅ ነው» አልኩ። ወዲያው ሁለት ሰው መለሰ። አንዷ እናት ሕፃኔን አስተኝቼ ነበር፣ አሁን ግን ነቅቷል አለች። እትዬ አስካለ ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ። ወንድሜ፣ ስልኩን ትንሽ ራቅ ያድርጉት። እርስዎ እንኳን በስልክ፣ ያለ ስልክም ከሸዋ ሮቢት ይሰማሉ» አለች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ «ጓደኛዬ» ጠየቅሁ። ጓደኛዬ ልጁ ቀኑን ሙሉ ብትተኛ ምን ያድርግ? ጓደኛዬ ከሚስቱ ጋር ቢጣላ ምን ይበል? ጓደኛዬ መናኸሪያ ውስጥ ሥራ ላይ ሆኖ እንባው ቢመጣበትስ? እነሱም በትዕግሥት «ለጓደኛዎ ይንገሩት» እያሉ ይመልሱልኝ ነበር። አንድ ቀን እትዬ አስካለ እንዲህ አለችኝ፦

«ወንድሜ፣ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ሁላችንም የገባነው ለጓደኛ ብለን ነው። ጓደኛዎ ሲደክመው እርስዎ ይግቡ።»

አውቶቡሱ ጀርባ ቁጭ ብዬ ስሜን ነገርኳቸው። ከድር ነኝ፣ ልጅቷ የእኔ ናት አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። «አሁን ድምፅዎ አልተሰማም፣ ይድገሙት» የሚል መልስ መጣ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ጋሼ ይመርን ነው። የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ከብዙ ዓመት በፊት ነው የታመመው። መጻፍ ስለማይችሉ ሁሉን በድምፅ ይልካሉ፤ የሚልኩትም የማሽላቸው ማማ ላይ ሆነው ወፍ እየጠበቁ ነው። «ከድር፣ ልጅህ ስትቆጣ አንተ አትቆጣ። ቀስ ብለህ፣ በለሰለሰ ቃል... ሃይ! ሃይ! ጥፋ ከዚህ! እርጉም!... ለወፉ ነው፤ በለሰለሰ ቃል ንገራት።» ዘሃራ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዘሃራ ግሩፑ ውስጥ አልገባችም፤ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ነው ያላት። ግን ከእኔ በላይ አባል ነበረች። መልእክት ሲመጣ ከየትም ትመጣለች፣ እኔ የምመልሰውንም ከጀርባዬ ሆና ታርማለች። «እንደሱ አይደለም ያለችው፤ ዋሽተሃል፤ ድገመው።» ግሩፑ ውስጥ ካሉት የእኔ መልእክቶች ግማሹ ላይ የእሷ ድምፅ ከኋላ ይሰማል።

ሐያት ቀስ በቀስ ተነሣች። ጋሼ ይመር ባሉት መሠረት ጠዋት ጠዋት አብረን እስከ ወንዙ መሄድ ጀመርን፤ መጀመሪያ ሳትናገር፣ ከዚያ አንድ ሁለት ቃል፣ ከዚያ ስለ አረማመዴ ስትቀልድብኝ። ትምህርት ቤት ተመለሰች። መድኃኒቱ ግን እንቅልፍና ረሃብ ያመጣባታል። ወፈረች። ዩኒፎርሟ አልገባ አላት። አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ስታለቅስ አየኋት።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ሳልሸሽግ እጽፋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። መድኃኒቱን አቆምን። ሐኪሙን አልጠየቅሁም። ግሩፑንም አልጠየቅሁም፤ ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበራ። «ድናለች እኮ» አልኩ። ዘሃራ ተቃወመች። እኔ ጮህኩ። ጩኸት ላይ ደግሞ የሚያሸንፈኝ የለም።

ለሦስት ሳምንት ሁሉም መልካም ነበር። ፊቷ ፈካ። ከዚያ እንቅልፏ ቀነሰ። ስድስት ሰዓት። አራት ሰዓት። አንድ ጠዋት ስነሣ ግቢው ውስጥ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። የእትዬ ሙሉን ምንጣፍ እያጠበች ነበር።

ስልኬን ይዤ ከአጥሩ ውጭ ወጣሁና ለግሩፑ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አለቀስኩ። ላክሁት። ከዚያ መልሱን ለመስማት ፈርቼ ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራ ሄድኩ። ዘሃራ ከእሷ ጋር ቀረች።

በዚያው ሰሞን ማኅበራችን ጉሮሮዬ እንዲያርፍ ብሎ ድምፅ ማጉያ አምጥቶ ነበር። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። የመኪኖቹን ጉዞ አንዴ ቀድቼ በማጉያው ደጋግሜ አሰማለሁ። ያን ዕለት መናኸሪያው በገበያተኛ ጢም ብሏል። ማጉያውን አገናኝቼ ጉዞውን ካሰማሁ በኋላ ስልኬ ነዘረ። የእትዬ አስካለ ድምፅ ነው። ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ነካሁት።

ጆሮዬ ላይ ምንም አልመጣም። በመናኸሪያው አራት ማዕዘን ግን እንዲህ ተባለ፦

«አቶ ከድር፣ አስካለ ነኝ። የልጅዎን መድኃኒት በማቆምዎ ራስዎን አይርገሙ። ባይፖላር እንዲህ ነው፤ የዳኑ ያስመስላል። እንቅልፏ ከቀነሰ ግን ነገ አይበሉ፤ ዛሬውኑ ሐኪሟ ጋ ያድርሷት። ጠዋት ሲያለቅሱ ሰምቼ ልቤ ተነካ። አያልቅሱ። እኛ አለን።»

ላጠፋው ስል ድምፁን ጨመርኩት። እንደገና ስነካው ከመጀመሪያው ጀመረ። «አቶ ከድር፣ አስካለ ነኝ...» መናኸሪያው ሁለት ጊዜ ሰማው፤ ሁለተኛውን በጥሞና። የለውዝ ሻጮቹ ቆሙ። ረዳቶቹ ቆሙ። የእኔ ልብም የቆመ መሰለኝ። ከዚያ ሁሉ ጸጥታ መካከል ዶሮ ያቀፉ አንዲት እናት ወደ እኔ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ይኼ ባይፖላር የምትሉት በአጣዬ ነው የሚያልፈው?»

«አይ እናቴ» አልኳቸው። «በእኛ ቤት ነው የሚያልፈው።»

ይህን እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም። ግን ከተናገርኩት በኋላ ሌላ የምደብቀው ነገር አልቀረም።

ቀና ስል ጌታቸው ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ እኔ ከሰው ሁሉ የምፈራው እሱን ነበር። በከተማችን ወሬ የሚሳፈረውም የሚወርደውም በእሱ መኪና ነው። ተሳፋሪ ሞልቶ ነበር። የፊቱን ወንበር በር ከፈተና የተቀመጠውን ሰው «ወንድሜ፣ ወደ ኋላ እለፍልኝ» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋቢና ይዤልሃለሁ። ሂድና አምጣት። እጠብቃለሁ።»

ቤት ስደርስ ሐያት አሁንም እያጠበች ነው። ጋሼ ይመር ያሉኝን አሰብኩ። አልጮህኩም። አልተከራከርኩም። ምንጣፉን አልቀማኋትም። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ቀስ ብዬ «ሐያት፣ እኔ ፈርቻለሁ። ሐኪሙ ጋ አብረሽኝ ሂጂ» አልኳት።

«አባ፣ ለምንድነው የምታንሾካሹከው?»

«ስለፈራሁ ነው።»

አየችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አንተን ለማሳከም ከሆነ እሄዳለሁ» አለች።

ጌታቸው እስከ ደብረ ሲና አንድ ቃል አልተናገረም። የሚያውቁት ሁሉ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም። ዳገቱን ስንጀምር መንገዱን እያየ፣ «እህቴም እንዲህ ነበረች» አለኝ። «እኛ ደበቅናት። ሐኪም ሳያያት ሞተች።» ሐያት ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ስለ ተራራው ያለማቋረጥ ታወራ ነበር። ሁለታችንም አዳመጥናት።

ሐኪሙ አልተቆጣንም። «በጊዜ ደርሳችኋል» አለ። «ያቆማችሁት ለምን እንደሆነ እሷ ትንገረኝ።» ሐያት ስለ ውፍረቷ፣ ስለ ዩኒፎርሙ፣ ክፍል ውስጥ ስለምታንቀላፋው ነገረችው። እሱ እየጻፈ ሰማት። የምትወስድበትን ሰዓትና መጠን አስተካከለላት፣ ክብደቷን የሚከታተልበት ቀጠሮ ሰጣት፣ ነገሩ ካልተሻሻለ ሌላ መድኃኒት እንዳለም ነገራት። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እሷን ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ እኔም ጭምር። በዚህ ጊዜ መተኛት አላስፈለጋትም። በደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት አሥር ቀን ተቀምጠን በየሁለት ቀኑ እየታየች ማኒያው ሳይብስ ወረደላት፤ አስፋልት ላይ ሳትቆም፣ እናቷን ሳትገፈትር። እትዬ አስካለ ሁለት ጊዜ መጥታ ጎበኘችን፤ በአካል ሳያት ከድምፅዋ ያነሰች አጭር ሴትዮ ናት፣ እኔም ለእሷ ከድምፄ ያነስኩ ሆኜ ሳልታያት አልቀረሁም። ትልቅ ካፖርት አምጥታልኛለች። የልጇ ነው፤ ሰላም ብሎዎታል ብላ ነው የሰጠችኝ።

ሸዋ ሮቢት ስንመለስ ከተማው ሁሉ አውቋል። ልጇን ከሐያት ጋር እንዳትሄድ የከለከለች ጎረቤት ነበረች፤ ይህን አልደብቅም፣ ሐያትንም ጎድቷታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ ቤታችን መጥታ «ታዲያ ያ ሁሉ ወባ ምን ነበር?» ስትለኝ መሬቱ ቢውጠኝ ወድጄ ነበር። ኩሬው መደፈኑ ግን ማንንም አልጎዳም አለችኝና ሳቅን። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ሥራዋ ላይ የምታያቸው እንዲህ ያለ ችግር ያለባቸው ሁለት ቤተሰቦች እንዳሉ፣ ስም ሳትጠራ፣ ነገረችኝና ነርሷን እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ጠየቀችኝ። መናኸሪያ ውስጥም ሰዎች ሻይ ልጋብዝህ እያሉ ወደ ጎን ይወስዱኝ ጀመር። ሻዩ ሳይቀርብ «ለአንድ ጓደኛዬ ነበር» ይሉኛል። እኔም ጓደኛቸው እንዴት እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ።

የሐያት ቁጣ የመጣው ስትድን ነው። «ስለ እኔ ለማን ምን ስትናገር ነበር?» አለችኝ። ስልኬን ሰጠኋት። የስድስት ወር መልእክቴን ሁሉ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብላ አዳመጠች። አንዳንዱ ላይ ሳቀች፣ ጋሼ ይመር ወፍ ሲያባርሩ በተለይ። አንዳንዱ ላይ አለቀሰች። አንዳንዱ ላይ በሩን በላዬ ላይ ዘጋችብኝ፤ በመጨረሻው ኑዛዜ ላይ ሕጉን ጥሼ ስሟን ጠርቼ ነበር፣ መስታወት ፊት ማልቀሷንም ተናግሬ ነበር። ስትወጣ እንዲህ አለችኝ፦ «አባ፣ የራስህን ፍርሃት ተናገር። የእኔን ሕመም እኔ እናገረዋለሁ፣ ስፈልግ።» ያን መልእክት አጠፋሁት። ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅር ለማለት ጊዜ ወሰደባት፤ መውሰዱም ትክክል ነበር።

አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ በከተማችን ኮሌጅ ኮምፒውተር ትማራለች። መድኃኒቷን ራሷ ትወስዳለች፣ በቀጠሮዋ ራሷ ትሄዳለች፣ እኔ የምከተላት ስትፈቅድልኝ ነው። ሕመሙ ጨርሶ ጠፍቷል አልላችሁም። ባለፈው ክረምት የኀዘኑ ወገን ተመልሶባት ነበር፤ ራሷ አውቃው፣ ራሷ ሐኪሟ ጋ ደውላ፣ በጥቂት ሳምንት አለፈ። አልሐምዱሊላህ።

እናንተ አሁን መጀመሪያው ላይ ያላችሁ ወላጆች፣ ከእኔ የምትወስዱት ካለ ይኼ ነው። ልጃችሁ በድንገት እንቅልፍ ሳያስፈልገው ብርቱ ከሆነ አትመርቁት፣ አሳዩት። የሕመሙን ስም ከሐኪም ተቀብላችሁ በዚያው ስም ጥሩት፤ ሌላ ስም ስትሰጡት የሚታከመው ሌላው ነው። መድኃኒቱ ከከበደው ልጁ ለሐኪሙ ይናገር፣ እናንተም አብራችሁ ሂዱ እንጂ በቤታችሁ አትወስኑ፤ ካቆማችሁም ደግሞ አትደብቁ፣ እኔ ከደበቅሁበት ሦስት ሳምንት የተናገርኩበት አንድ ጠዋት ይሻላል። ግሩፕ ሐኪም አይሆንም። ምርመራ አያደርግም፣ መድኃኒት አያዝም። የሚሰጣችሁ «እኔም እንዲሁ» የሚል ሰው ነው፤ ይህ ቃል እንዴት እንደሚያሳርፍ ያለ እሱ የኖረ ያውቃል። ስትገቡ መጀመሪያ አዳምጡ። የልጃችሁን ስምና ፎቶ ቤት ትታችሁ ግቡ። የትዳር ጓደኛችሁን ደግሞ ስሙ፤ ዘሃራ ይህን ዓረፍተ ነገር ካልጻፍክ አልተኛም ብላኛለች።

ለሁለቱ ዶክተሮች፣ ለነርሷ፣ ለሼሃችን፣ ለእትዬ አስካለ፣ ለጋሼ ይመርና ለጌታቸው አላህ ብድራቸውን ይክፈልልኝ። ግሩፑ ውስጥ ፊታቸውን ሳላይ ድምፃቸውን ለማውቃቸው እናቶችና አባቶችም እንዲሁ፤ በተለይ ሕፃኗን ለቀሰቀስኩባት እናት።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለሐያት ሰጠኋት። እስክሪብቶ ይዛ ጥላ ሥር ተቀምጣ አነበበችው። እኔ ከሩቅ ሆኜ እጇን አያለሁ። ሦስት ቦታ ሰረዘች። ሁለቱን ፊቷ ሳይፈታ፣ አንዱን እየሳቀች። ከዚያ ወረቀቱን መለሰችልኝና «አሁን እውነት ነው፤ አውጣው» አለችኝ።

የሰረዘችው ምን እንደነበር እንዳትጠይቁኝ። የእሷ ነው።